ቬርና ሉኦማ እና ወደ ቤት የሄደው ወረቀት

በእኛ ከተማ ቬርና ሉኦማን ያላማት ሰው የለም፤ እሷ ያማችው ሰው ግን ቢፈለግም አይገኝም። ይህን የምለው ስለምወዳት እንዳይመስላችሁ። ስንት ቀን አናዳኛለች። አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ማሞቂያ ተካፍለን፣ የእሷ እግር ሲሞቅ የእኔ እየቀዘቀዘ ነው አብረን ያረጀነው። የምንሠራው በኮሌጁ የተማሪዎች ጤና ጣቢያ ነው። እኔ በሩ ጋ ተቀምጬ ቀጠሮ እሰጣለሁ፤ እሷ ከጎኔ ባለው መስኮት ኋላ ሆና ሂሳብ ትሠራለች። ጉንፋን የያዘውም፣ እግሩ ወለም ያለውም፣ እንቅልፍ እምቢ ያለውም ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። የታከመበት ገንዘብ ከየትኛው ኢንሹራንስ፣ በምን ዓይነት ልመና እንደሚመጣ የምታውቀው ግን ቬርና ናት።

የምትታማው በአፏ ነው። ተናጋሪ ሆና ሳይሆን ዝም ብላ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሴቶቹ ምሳ ሲያቀራርቡ አንዷ ጠጋ ትላታለች።

«ቬርና፣ የኮሌጅ ልጆች ሁሉ ጭንቀታም ሆነዋል ይባላል። እውነት ነው እንዴ?»

«ድንቹ ጨው ያንሰዋል» ትላለች ቬርና።

«የእህቴ ልጅስ መጥታ ነበር? ከስታብኛለች።»

«ቅቤም ያንሰዋል።»

«አፈር ብይ፣ አንቺ ድንጋይ!»

ባሏ ሬይ እንኳ ተስፋ ቆርጧል። ሬይ የከተማው በረዶ መጥረጊያ መኪና ነጂ ነው፤ የማን ቤት መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ሳይቀር የሚያውቅና ያወቀውን ማሳደር የማይችል ሰው ነው። «ባንክ ብዘርፍ ገንዘቡን የማስደብቀው ለቬርና ነበር» ይላል፤ «ችግሩ የት እንዳስቀመጠችው ለእኔም አትነግረኝም።»

እንዲህ የሆነችበትን ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች። መኪናችን በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ሬይ መጥቶ እስኪያወጣን ስንጠብቅ ነበር፤ ሌላ የምንሠራው ነገር ቢኖር ኖሮ አትነግረኝም ነበር። ልጅ ሳለች፣ ሱፒሪየር በሚባለው ሰፊ ሐይቅ ዳር ባለች የማዕድን መንደር፣ እናቷ የወለደችው ሕፃን ሞተባትና ከአልጋ መነሣት አቃታት። ባሏ ለምኖ ዶክተር ዘንድ ወሰዳት። ዶክተሩ ደህና ሰው ነበር። ጸሐፊዋ ግን ለገዛ እህቷ ነገረች፣ እህቷ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለዳቦ ቤቱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሁድ ሳይደርስ የቬርና እናት «ያች ጭንቅላቷን የነካት» ተብላ አረፈችው። ሁለተኛ ዶክተሩ ዘንድ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ቬርና ግን «ኖረች አይባልም» ነው ያለችኝ። ከዚያ ሬይ ደረሰና መኪናችንን ጎተተልን።

እንግዲህ እኛ ሀገር ወጣቶች እስከ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ድረስ በወላጆቻቸው ኢንሹራንስ መታከም ይችላሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንድ ጣጣ አለው። ኢንሹራንሱ በከፈለ ቁጥር ለኢንሹራንስ ካርዱ ባለቤት፣ ማለትም ለአባት ወይም ለእናት፣ «በዚህ ቀን ልጅዎ ይህን ታክሟል፣ ይህን ያህል ከፍለናል» የሚል ወረቀት በፖስታ ይልካል። ለታመመ ጉሮሮ ማንም ግድ የለውም። «የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ወረቀት በእራት ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ግን ሌላ ነው። ልጁ እዚህ በሩን ዘግቶ የተናገረበት ክፍል እዚያ ወለል ብሎ ይከፈታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ልጁ ከጠየቀ፣ ወረቀቱ ወደ ራሱ አድራሻ እንዲላክ ለኢንሹራንሱ ይጻፋል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ግን የለም፤ ሊያውቅ የሚችለው ካረፈደ በኋላ ነው። ስለዚህ ቬርና ለምክር የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ወደ መስኮቷ ጠርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀዋለች።

«የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ ወዴት ይሂድ?»

ታነር ካንጋስንም እንዲሁ ጠየቀችው። ባለፈው ክረምት፣ በበረዶው ወራት ነበር የመጣው፤ የበሩን ክፈፍ የሚሞላ ግዙፍ ልጅ፣ አባቱ ከሚሠራበት የወረቀት ፋብሪካ የተሰጠ ካፖርት የለበሰ። ቀጠሮ ሲጠይቀኝ የሚያየው ጫማውን ነው። ወደ ቬርና መስኮት ላክሁት።

«ወደ ቤት ብቻ አይሂድ» አላት።

«አይሄድም።»

«እርግጠኛ ነዎት ወይዘሮ ቬርና? አባቴ ካየው…»

«ይቆጣሃል?»

«ቢቆጣማ ጥሩ ነበር» አለ ልጁ። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ። ታላቅ ወንድሙ ብሬት ከሁለት ክረምት በፊት በብርድ በጠጠረው ሐይቅ ላይ በበረዶ ሞተር ሲሄድ በረዶው ከስሩ ተሰብሮ ሰጥሞ ቀርቷል። ከቀብሩ በኋላ ቤት ውስጥ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። አባትየው ስሙ ሊነሣ ነው ብሎ ከጠረጠረ ተነሥቶ እንጨት ሊፈልጥ ይወጣል። «እሱ በሆዱ ይዞት እየኖረ፣ እኔ ለባዳ ሰው ተቀምጬ እንደማወራው ከሰማ ይሰበራል። ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃል ገባሁልህ» አለች ቬርና። ያንኑ ቀን ለኢንሹራንሱ ጻፈች፤ ደርሷቸው እንደሆነ ደውላ አረጋገጠች፤ ወረቀቱም ወደ ልጁ የኮሌጅ ሳጥን መምጣት ጀመረ። ታነር ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጣቢያው የሥነ ልቦና አማካሪ መምጣቱን አላቋረጠም። በፊት በፊት ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር የሚወጣው። ጸደይ ላይ ደህና ዋሉ ማለት ጀመረ። መስከረም ላይ ሲመለስ ጫማውን ሳይሆን ሰውን ያይ ነበር። እኔም ወልጃለሁ፤ የልጅ ፊት ሲፈታ አውቃለሁ።

ጥፋቱ የመጣው ከደስታ ነው። ጥቅምት ላይ የአባቱ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የሚገዛውን ኢንሹራንስ ለወጠ። ታነር አዲሱን ካርድ ይዞ ሲመጣ ቬርና ምሳዋን እየበላች ነበር። ምሳዋ ፓስቲ ነው፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው፣ የማዕድን ሠራተኞች ይዘውት ይወርዱ የነበረው። እኛ አገር ፓስቲ በካቻፕ ነው የሚበላው። ቬርና ግን መረቅ ታፈስበታለች፤ በዚህም ስንቴ ተጣልተናል።

ታነር ሳህኗን አየና ቆመ። «ወይዘሮ ቬርና! ፓስቲ ላይ መረቅ?»

«አንተ ምን አገባህ? ሆዱ የኔ።»

«አያቴ ቢያዩ ከቤታቸው ያስወጡዎት ነበር።»

«አያትህ አላዩኝማ። አንተም ያየኸውን በሆድህ ያዝ፤ እኔ ያንተን አልያዝኩልህም?»

ልጁ ሳቀ። ፈገግታ አልነበረም፤ ከደረቱ የወጣ፣ ኮሪደሩን ያናጋ ሳቅ ነበር። ነርሷ ሳትቀር አንገቷን አሰገገች። እንዲህ ዓይነት ሳቅ በውስጡ እንዳለ እኛም አናውቅም ነበር። ቬርና ፊቷ በራ። የካርዱን ቁጥር ገልብጣ ካርዱን መለሰችለት፣ እየሳቀ ሄደ፣ እሷም ቀኑን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች። የቀድሞው ጥያቄ ግን ከቀድሞው ካርድ ጋር ሞቷል። አዲሱ ኢንሹራንስ ስለ ልጁ አድራሻ የሚያውቀው ነገር የለም። ወረቀቱ ወዴት ይሂድ ብላ መጠየቅ፣ ለአዲሶቹም መጻፍ ነበረባት። አልጠየቀችም፣ አልጻፈችም። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ረስታው የማታውቀውን ነገር በዚያ ሳቅ ረሳችው።

ኅዳር ሲገባ ኢንሹራንሶቹ የከፈሉትን ከመዝገቧ ጋር ስታስተያይ አገኘችው።

«ዶሪን» አለችኝ። ድምጿ የእሷ አልነበረም። «ሄዷል።»

«ምኑ?»

«የታነር ወረቀት። ወደ ቤት።»

«ምናልባት አባቱ ፖስታውን አይከፍተው ይሆናል።»

«ከኢንሹራንስ የመጣ ፖስታ የማይከፈትበት አገር ካለ ንገሪኝና ልሂድ» አለች፤ ኮቷንም ሳትደርብ ውጭ ወጥታ በብርዱ ቆመች። ተከትያት ልወጣ ብዬ ተውኩት። አንዳንዴ ሰውን ብቻውን መተው ነው የሚሻለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም በኮምፒዩተር ያላክካል። ኮምፒዩተር መልስ የለውምና ይመቻል። ቬርና ግን ልጁን ያንኑ ቀን አስጠርታ፣ መስኮቷን ትታ ወጥታ፣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ታነር፣ ወረቀቱ ወደ ቤት ሄዷል። የኢንሹራንሱ ጥፋት አይደለም፣ የፋብሪካውም አይደለም። የኔ ነው። ረሳሁት። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ልጁ ካፖርቱን ቆለፈ። ቢጮህባት እመርጥ ነበር።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ» አላት፤ ወጥቶም ሄደ።

ሐሙስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ሐሙስ አልመጣም። አማካሪዋ ስትደውልለት «ደህና ነኝ፣ ከእንግዲህ አልመጣም፣ አመሰግናለሁ» ብሏታል። ደህና ነኝ የሚል ሰው ደህና እንዳልሆነ ለማወቅ እንደኛ ጤና ጣቢያ መሥራት አያስፈልግም። ቬርና ምሳ መብላት ተወች። እናቷን እያሰበች እንደነበር ባትነግረኝም አውቄዋለሁ። ልጁ እንደ እናቷ ሁለተኛ ላይመለስ ነው፣ በሩን የዘጋችበትም እሷ ናት። «ሰው ነሽ እኮ፣ ሰው ይሳሳታል» ስላት «የኔ ስህተት በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው ያረፈው» አለችኝ።

የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። እኛ ዘንድ ያ ቀን የቀን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ በዓል ነው። ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሱቅ ውስጥ ወንድ አይገኝም፣ ኮሌጁ ባይዘጋም አስተማሪዎቹ ለባዶ ወንበር ነው የሚያስተምሩት። አባትና ልጅ ጨለማ ሳይገፈፍ ጫካ ገብተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ የከረሙ እንኳ ያን ቀን አብረው ዝም ይላሉ። በዚያ ቀን ከጫካ የሚቀር ወንድ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል ነው የሚባለው። እኔና ቬርና ባዶ ቤት ታቅፈን ተቀምጠን ሳለን በሩ ተከፈተ፤ ብርቱካናማ የአደን ልብስ የለበሰ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ያረፈበት ሰውዬ ገባ። የበሩን ክፈፍ ሲሞላው ገና ስሙን ሳይናገር የማን አባት እንደሆነ አወቅሁ።

ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቬርና መስኮት ሄደና ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋላት። ብዙ ከመታጠፉ የተነሣ ማጠፊያው ሳስቷል።

«ረስል ካንጋስ እባላለሁ። ይህን ሂሳብ ልከፍል ነው የመጣሁት።»

ቬርና ወረቀቱን አየችው። ከላይ በደማቅ ፊደል «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሁሉ ላይ ይላል።

«አቶ ካንጋስ፣ ይህ ስም ያለው ሰው እዚህ ይምጣ አይምጣ ልነግርዎት አልችልም። ሕጉ ነው።»

«አልጠየቅኩዎትም። ክፍያውን ይቀበሉኝ።»

«ይመጣል ልልዎት በማልችለው ሰው ስም ገንዘብ መቀበልም አልችልም።»

በጠረጴዛው ሥር በእግሬ ልጎሽማት ቃጣኝ። ሰውየው ጫካውን ትቶ፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ በረዶ ነድቶ መጥቷል! ቬርና ግን ፍንክች አላለችም። አንድ ጊዜ ያፈሰሰችውን ሁለተኛ ልታፈስ አይደለም።

ሰውየው ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ቆመ። «ልጄ ትናንት ማታ አልመጣም» አለ። «ለመክፈቻው ማለቴ ነው። ወንድሙ በሞተ ዓመት እንኳ አልቀረም። ስልክ አያነሣም። ሳይነጋ ብቻዬን ገብቼ ተቀመጥኩ። ጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ሳይ መሣሪያዬን አንሥቼ ወጣሁ። ይህችን ወረቀት ሳልከፍል ስላቆየሁ ከዚህ አባርረውት ይሆናል፣ አፍሮም ይሆናል ብዬ…»

ቬርና ከመስኮቷ ኋላ ተነሣች። «ልነግርዎት አልችልም አልኩ እንጂ መስማት አልተከለከልኩም» አለችው። «ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። እሷ ግን ወደ ኋላ ክፍል ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋ ስትደውል እኔ ሰምቻለሁ፣ ሰውየው አልሰማም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። «ታነር፣ ቬርና ነኝ። አባትህ እዚህ ናቸው። አንድም ቃል አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። መምጣቱም መቅረቱም ያንተ ነው።» ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ወንበር ስባ ከሰውየው ጎን ተቀመጠች።

ሰውየው የሚያወራው ለኮፍያው ነበር። ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ ከኪሱ እንዳልወጣ፣ ለሚስቱም እንዳላሳያት ነገራት። «ሳነበው ምን ተሰማኝ መሰለዎት? ተመስገን ነው ያልኩት። አንዱስ እንኳ ያወራል አልኩ።» ዓይኑን ከኮፍያው ላይ አነሣ። «ታላቁ… ብሬት። ብሬት ነው ስሙ። እኔ ስሙን ካነሣሁ ትንሹ የሚሰበር መሰለኝ። እሱን ላድን ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት።»

ልጁም ስለ አባቱ ይህንኑ እንዳላት ቬርና ታውቃለች፣ መናገር ግን አትችልም። ሁለቱ ካንጋሶች አንዱ ሌላውን እንዳይሰብር ብለው በአንድ ጣራ ሥር ተዘጋግተው እንደኖሩ የምታውቅ፣ ሁለቱንም የያዘች እሷ ብቻ ናት። ብቻ እጇን አንሥታ ክንዱ ላይ አኖረችለት። ቬርና ሰው የምትነካ ሴት አይደለችም።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ታነር ነበር፤ ካፖርቱን ሳይቆልፍ፣ ካልሲ ያላጠለቀ እግሩን ጫማ ውስጥ ሰንቅሮ፣ እየሮጠ የመጣ መሆኑን ትንፋሹ ይናገራል። አባቱን አየና ባለበት ቀረ።

«አባዬ። ዛሬ መክፈቻ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሂሳብ ልከፍል ነው።» አባትየው ወረቀቱን ዘረጋለት።

ታነር ተቀብሎ አየው። «ሂሳብ አይደለም እኮ። አባዬ፣ ይኸው ከላይ ተጽፏል፣ አይደለም ይላል።»

«ዓይን አለኝ። አንብቤዋለሁ።»

«ካነበብከው ታዲያ ለምን መጣህ?»

አባትየው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ጣለ። «ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?»

የልጁ ያ ትልቅ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አባቱ ተነሣና ያዘው፤ ሁለቱም ብዙ ቆዩ። ከዚያ ታነር በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ቬርናን ፈለጋት።

«ወይዘሮ ቬርና፣ ሐሙስ ልምጣ?» አላት፤ ድምጹን ዝቅ ሳያደርግ፣ አባቱ እየሰማው።

ቬርና ግን ሳታስበው ተንሰቅስቃ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ቀጠሮ መስጠቱም የእኔ ሥራ ነው፣ «ና!» ያልኩት እኔ ነኝ።